ባህሉ ክሩ ነው ወይስ ቅኝቱ?

ነገሩ የተነሣው በአንዲት ክር ነው። ባለፈው ወር ለባህል ምሽቱ ተጫዋቾች ሲመረጡ አንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ክራሩን ይዞ ቀረበ። ቃኘ፤ ትዝታ ደረደረ፤ አዳራሹ ጸጥ አለ። ከመራጮቹ አንዱ ተነሣና ክራሩን ተቀብሎ ዝቅተኛዋን ክር በጥፍሩ ፋቅ አደረጋት። «ይቺ የጊታር ክር አይደለችም እንዴ?» ልጁ አልዋሸም፤ «ናት» አለ። «እንግዲያው የያዝከው ክራር አይደለም» ተባለና ስሙ ተሰረዘ። እኛ ከኋላ ወንበር ሆነን ይህን ያየን ሁሉ በዕለቱ ዝም አልን። ዝምታችን አሳፍሮናልና እነሆ ዛሬ እንናገራለን።

ነገሩን ላልተከታተለ አንባቢ እናስረዳ። ክር ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ልሙጥ ነው፤ ጅማትም ይሁን ናይለን፣ ከዳር እስከ ዳር ወጥ ነው። ሁለተኛው ጥምጥም ነው፤ በመካከሉ ለስላሳ ልብ አለው፣ በልቡ ላይ ቀጭን የብረት ወይም የመዳብ ሽቦ ጥቅጥቅ ተደርጎ ይዞርበታል። የተከሰሰው ጥምጥሙ ነው። ክሱም «ባዕድ ነው፤ የክራርን ባህል ያጠፋል» የሚል ነው።

ለመሆኑ ከሳሾቻችን በየክራራቸው ላይ የወጠሩት ምንድን ነው? ጅማት ነውን? ጅማት ቢሆን ኖሮ ባንስማማም እናከብራቸው ነበር። ከበግ አንጀት ክር ማውጣት፣ ማጠብ፣ መፍተልና ማድረቅ ትዕግሥት ይጠይቃል። በክረምት እርጥበት ቅኝቱ በየሰዓቱ ሲፈርስ ደግሞ ሌላ ትዕግሥት ይጠይቃል። ከሳሾቻችን ግን ይህን ሁሉ አልደከሙም። የወጠሩት ናይለን ነው፤ ያውም ብዙዎቹ የዓሣ ማስገሪያ ክር! ናይለን እ.ኤ.አ. በ1935 አሜሪካ ውስጥ በዱፖንት ኩባንያ ላቦራቶሪ የተፈለሰፈ ነው፤ ጎንደርና ጎጃም አልበቀለም። ወይ ጉድ! ትናንት በመርከብ የመጣው «የአባቶቻችን ክር» ተባለ፤ ዛሬ የመጣው «ባዕድ» ሆነ። ይህ የባህል ጥብቅና አይደለም፤ ቀድሞ የገባ እንግዳ በሩን ከውስጥ ሲቀረቅር ማለት ነው።

አሁን ወደ ክሩ ሥራ እንግባ። የጊታር ተጫዋች አንገቱ ላይ በጣቱ እየተጫነ ክሩን ያሳጥራል። ክራር ግን አንገት የለውም፤ ሁሉም ክሮች ከቀንበሩ እስከ ቆዳው የተቀራረበ ርዝመት አላቸው። ስለዚህ ድምፅ ዝቅ የሚለው ወይ ክሩን በማላላት፣ ወይ ክሩን በማክበድ ነው። ባለ 6 ክር ክራር ሲቃኝ ዝቅተኛውና ከፍተኛው ክር በአንድ ኦክታቭ ይራራቃሉ። ርዝመትና ውጥረት ሳይለወጥ በአንድ ኦክታቭ ለመውረድ ክሩ 4 እጥፍ መክበድ አለበት፤ በልሙጥ ክር ይህ ማለት ውፍረቱ 2 እጥፍ ይሁን ማለት ነው። ከፍተኛው 0.6 ሚሊሜትር ቢሆን ዝቅተኛው 1.2 ይሆናል። ወፍራም ልሙጥ ክር ግን ግትር ነው፤ እንደ ልቡ አይርገበገብም፤ ድምፁ ይታፈናል። እሺ፣ ቀጭኑን እናላላው ብንል ደግሞ ይዝላል፤ ጠንከር አድርገው ሲመቱት ድምፁ መጀመሪያ ሽቅብ ይዘልና ኋላ ይወርዳል።

ጥምጥም የመጣው ለዚህ ችግር መልስ ሆኖ ነው። ሽቦው ክብደት ይጨምራል፣ ልቡ ግን ለስላሳ እንደሆነ ይቀራል። የክላሲክ ጊታር አራተኛ ክር ከ1 ሚሊሜትር የቀጠነ ሆኖ ሳለ ክብደቱ ወደ እጥፍ የሚጠጋ ውፍረት ካለው ልሙጥ ናይለን ጋር ይመጣጠናል። አውሮፓውያን ራሳቸው በ17ኛው ምዕተ ዓመት በጅማት ላይ ሽቦ መጠምጠም የጀመሩት የባስ ክራቸው አልናገር ብሏቸው ነው። ልጁም ያደረገው ይህንኑ ነው። ክራሩን ጊታር ሊያደርግ አልፈለገም፤ ዝቅተኛው ክሩ እንዲናገርለት ፈለገ።

ይህ ጭቅጭቅ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዩኩሌሌ የምትባለው የሃዋይ ባለ 4 ክር መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1879 ከማዴይራ ደሴት በመጡ ፖርቱጋላውያን ትንሽ ጊታር ላይ የተመሠረተች ናት። ቴነር በሚባለው መጠኗ የክሯ ርዝመት 43 ሴንቲሜትር ያህል ነው። አራተኛውን ክር ዝቅ አድርገው መቃኘት የሚፈልጉ ተጫዋቾች ልክ እንደ እኛ «ልሙጥ ወይስ ጥምጥም?» እያሉ ይሟገታሉ። አንዱ ልሙጡን፣ አንዱ ጥምጥሙን ይወጥራል። ጥምጥም ስለወጠረ ግን ከመድረክ ውረድ የተባለ አልሰማንም፤ ዩኩሌሌነቷንም ማንም አልነጠቃትም።

ጥምጥም ነውር የለበትም ብለን ደግሞ አንዋሽም። ጣት ሲሄድበት ይፋጫል። መግረፊያ በተደጋጋሚ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ሽቦው ይበላል፣ ይተረተራል። ከልሙጦቹ ጎን ሲቆም አንዳንዴ ይጮህባቸዋል። ስለዚህ ምክራችን ይህ ነው፦ ክራሩን የሚገርፍ ሰው በልሙጡ ቢጸና ይሻለዋል፤ በጣቱ የሚደረድር ግን ለዝቅተኛዋ ክር ብቻ ጥምጥም ይሞክር፣ የቀሩትን 5 በልሙጥ ይተዋቸው። በበገና ላይ ግን አንናገርም። የበገና ንዝረት ከጅማቱና በክሩ ሥር ከሚገባው ከእንዚራው የሚወለድ ነውና ፍርዱ ሌላ ነው። እኛ ሁሉን በአንድ ሽቦ እንጠምጥም አላልንም፤ ጥምጥም የጠመጠመውን ሁሉ ከሃዲ አትበሉ ነው ያልነው።

በስብሰባው ላይ «የጅብ ቆዳ ክራር ቅኝቱ እንብላው እንብላው ነው» እየተባለ ተተርቶብናል። ተረቱን እንቀበላለን፤ ግን አንብባችሁታል ወይ? ጅቡ የተያዘው እኮ በቅኝቱ ነው! አባቶቻችን ክራሩን የለዩት በጥፍር ፍቀው ሳይሆን በጆሯቸው ሰምተው ነው። የዚያ ልጅ ክራር «እንብላው» አለ ወይ? ትዝታ አለ እንጂ! እነ ካሳ ተሰማን፣ እነ ሜሪ አርምዴን፣ እነ አስናቀች ወርቁን ስናዳምጥ ሆዳችንን የሚያባባው ቅኝቱና ጣታቸው ነው፤ ክሩ ከየት ሱቅ እንደተገዛ ጠይቆ ያለቀሰ የለም። ክራርን ክራር የሚያደርገው ትዝታውና ባቲው፣ አምባሰሉና አንቺሆዬው ነው። ትዝታን ከአንቺሆዬ ሳይለይ የጊታርን ክር ከናይለን የሚለይ ዳኛ ባህል ጠባቂ ሳይሆን ሱቅ ጠባቂ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንጠይቃለን። የልጁ ስም ወደ ዝርዝሩ ይመለስ። በሚቀጥለው ምርጫም መራጮቹ ጀርባቸውን ለመድረኩ ሰጥተው ይቀመጡ። ልሙጡና ጥምጥሙ በየተራ ይመቱላቸው፤ ክራር ያልሆነውን በጆሯቸው ለይተው ይንገሩን። ከለዩት እኛም ክራራችንን ይዘን ከመድረኩ እንወርዳለን። ካልለዩት ግን ጥፍራቸውን ይሰብስቡ!