ፊርማው የአንድ ሰው፣ ጓዙ የሦስት

ክረምት ሲገባ የአገር ውስጥ እግር ኳስ ወሬ ሁሉ ዝውውር ይሆናል። እገሌ አዳማን ለቆ ባህር ዳር ገባ፣ እገሌን ሀዋሳ ወሰደው፣ እገሌ ደግሞ «ከድሬዳዋ ጋር ጨርሷል» ይባላል። ፎቶው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ተጨዋቹ ማሊያውን ዘርግቶ፣ ከጎኑ የክለቡ ሥራ አስኪያጅ ፈገግ ብለው። ደጋፊው ስንት ጎል አለው፣ ስንት ተከፈለው እያለ ይከራከራል። ባለቤቱ ሥራዋን ለቃ ልትከተለው እንደሆነ፣ ልጃቸው ገና ክትባቱን እንዳልጨረሰ የሚጠይቅ የለም። የሚፈርመው አንድ ሰው ነው፤ ዕቃ ጭኖ ከተማ የሚለውጠው ግን ሦስት ሰው ነው።

«ታዲያ ክለብ ምን አገባው? ደመወዙን ይክፈል፤ የቀረው የራሱ ጉዳይ ነው» የሚል አይጠፋም። የክለብ አመራሮችም ቢጠየቁ ከዚህ የራቀ መልስ የላቸውም። ይህ አስተሳሰብ ግን የሚጎዳው ተጨዋቹን ብቻ አይደለም፤ ገንዘቡን ያወጣውን ክለብም ነው።

የነገሩ ሥር ካምፕ ነው። ክለቦች ተጨዋችን የሚያውቁት በወንደላጤነቱ ነው። አልጋ ይሰጡታል፣ ምግብ ያቀርቡለታል፣ የመግቢያ ሰዓት ይወስኑለታል። ከትውልድ ከተማው ለወጣ የ19 ዓመት ልጅ ይሄ መልካም ነው፤ የቤት ኪራይ አያሳስበውም፣ ምሽቱም አያባክነውም። የ25 ዓመት አባወራ ሲሆንስ? በማያውቀው ከተማ ደላላ ይፈልጋል። ደላላው ኳስ ተጨዋች መሆኑን ሲሰማ ዋጋውን ይቆልለዋል (ማሊያ የለበሰ ሁሉ ሀብታም ይመስለዋልና)። አከራይ የብዙ ወር ቅድሚያ ትጠይቃለች። ቤቱ ከተገኘ በኋላ ባለቤቱ በማታውቀው ሰፈር፣ አንዳንዴም የሰፈሩን ቋንቋ ሳትችል፣ ከእናቷና ከእህቶቿ ርቃ ሕፃን ይዛ ትውላለች። ልጁ ሌሊት ቢያተኩሰው የትኛው ክሊኒክ እንደሚወሰድ የሚነግራት ሰው የላትም። እሱም እንቅልፍ ሳያይ ያነጋና በማግስቱ ልምምድ ላይ እግሩ ይከብዳል። አሰልጣኙ «ትኩረት አጥቷል» ይላል። እሁድ ደግሞ ከካታንጋ በኩል «ብሩን በልቶ ተኛ!» የሚል ጩኸት ይሰማል።

ይህን ሁሉ ያባሰው የሊጉ አካሄድ ነው። በ2013 ዓ.ም ኮሮናን ተከትሎ ፕሪሚየር ሊጉ በሜዳና ከሜዳ ውጪ የመጫወቱን የቆየ ሥርዓት ትቶ በተመረጡ ከተሞች መካሄድ ጀመረ። በዚያ ዓመት ውድድሩ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ፣ ከጅማ ወደ ባህር ዳር፣ ከዚያ ድሬዳዋ፣ በመጨረሻም ሀዋሳ ተጓዘ። ለቀጥታ ስርጭት አመቺ ነበር፤ ሱፐርስፖርት ጨዋታዎቹን ማሳየት የጀመረውም ያን ጊዜ ነው። አሠራሩ በቀጣዮቹ ዓመታትም ቀጠለ፣ አዳማም ከአዘጋጅ ከተሞች መሐል ገባች። ቴሌቪዥን ለሚያየው ደጋፊ በጎ ነገር ነው፤ ለአባወራው ግን ጉድ ሆነበት። ለባህር ዳር የፈረመ ተጨዋች ቤተሰቡን ባህር ዳር አስፍሮ እሱ ድሬዳዋ ሆቴል ይከርማል። ባለቤቱ የመጣችው ከእሱ ጋር ለመኖር ነበር። እሱ ሄዶ እሷ በማታውቀው ከተማ ቀረች፤ ከተማ የለወጠችው እሷ እንጂ እሱ አይደለም ቢባል ይቀላል። ይህን ያየ ተጨዋች ቤተሰቡን ባለበት ትቶ ብቻውን ቢሄድ አይፈረድበትም። ልጁ መሄድ የጀመረበትን ቀን ግን በስልክ ነው የሚሰማው።

በዚያ ላይ ውሉ አጭር ነው። የአንድ ዓመት ወይም የሁለት ዓመት ፊርማ የተለመደ ነው፤ ልጅ ትምህርት ቤቱን ሳይለምድ እንደገና ጓዝ ይጠቀለላል። አብዛኞቹ ክለቦች የሚተዳደሩት በከተማና በክልል መንግሥታት በጀት በመሆኑ አመራር ሲቀየር ኪሱም ይቀየራል፣ የደመወዝ መዘግየትም አዲስ ዜና አይደለም። ፊፋ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ደንብ ሁለት ወር ደመወዝ ያልተከፈለው ተጨዋች 15 ቀን የሚሰጥ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ውሉን ማፍረስ ይችላል። ደንቡ ጥሩ ነው። ነገር ግን ቤት ተከራይቶ፣ ልጅ ትምህርት ቤት አስገብቶ የተቀመጠ ሰው ውል ማፍረስ ማለት ቤት ማፍረስ ይሆንበታል፤ ወንደላጤው ሻንጣውን አንስቶ ይወጣል፣ አባወራው ግን እስኪከፈል ይለማመጣል።

ከዚህም የከበደ ያጋጠማቸው አሉ። መቐለ 70 እንደርታ በ2011 ዓ.ም ሻምፒዮን ሲሆን ከሌሎች ከተሞች የሄዱ ተጨዋቾች በቡድኑ ውስጥ ነበሩ። የ2012ቱ ውድድር በኮሮና ተሰረዘ፤ ቀጥሎ ጦርነቱ መጣና መቐለ፣ ወልዋሎና ስሑል ሽረ እስከ 2017 ዓ.ም ከሊጉ ራቁ። ተጨዋቾቹ ወደ ሌሎች ክለቦች ተበተኑ። የማን ተጨዋች የት ገባ የሚለው በጊዜው ተዘግቧል። የቤታቸው ነገር ግን ዜና አልሆነም።

«ይሄ የድህነት ጣጣ ነው» እንዳይባል ወደ እንግሊዝ ማየት ይበቃል። ማንቸስተር ዩናይትድ እ.ኤ.አ. በ2014 አንኸል ዲ ማሪያን ለብሪታኒያ ክለቦች ክብረ ወሰን በነበረ 59.7 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛው። በ2015 መጀመሪያ ላይ ቤተሰቡ ራት ላይ ሳለ ሌቦች ቤቱን ሊሰብሩ ሞከሩ። በዚያው ክረምት ዲ ማሪያ ወደ ፓሪስ ሄደ። በሜዳም አልተሳካለትም ነበር፣ ሁሉን በሌባ ማሳበብ አይቻልም፤ ነገር ግን ቤቱ ውስጥ ሰላም ያጣ ሰው ክንፍ ላይ ሰላም አያገኝም። ካርሎስ ቴቬዝም በማንቸስተር ሲቲ ጎል እያዘነበ ሳለ በ2010 ልቀቁኝ ሲል ከምክንያቶቹ አንዱ የልጆቹ ናፍቆት ነበር። የእንግሊዝ ትልልቅ ክለቦች ቤት የሚያፈላልግ፣ ትምህርት ቤትና ሐኪም የሚያገናኝ ሠራተኛ የሚቀጥሩት ለጽድቅ አይደለም። በሚሊዮን የገዙት እግር እንዳይባክን ነው።

እዚህ ያን ያህል ወጪ አያስፈልግም። ባለትዳር ተጨዋች የሚያስፈርም ክለብ የቤት ኪራዩን በውሉ ውስጥ በጽሑፍ ቢያስገባ፣ ቤቱንም ከተማውን የሚያውቀው የክለቡ ሰው ቢፈልግለት ከአንድ ተቀያሪ የፊርማ ገንዘብ አይበልጥም። የደጋፊ ማኅበራትም በዚህ ነገር ከክለቡ ይሻላሉ፤ ለአዲሷ ጎረቤት ቡና የሚያፈላላት፣ የሕፃናት ሐኪም የሚጠቁማት ሰው ከእነሱ መሐል አይጠፋም። ለቤተሰብ የመጡ ተጨዋቾች ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ሊፈርሙ ይገባል፤ ክለብም ተጨዋችም እዚህ ላይ መጨከን አለባቸው።

የሊጉ አክሲዮን ማኅበር ድርሻ ደግሞ የተለየ ነው። ውድድሩ በተመረጡ ከተሞች እስከተካሄደ ድረስ የትኛው ዙር የት እንደሚደረግ ተጨዋቾች ከመፈረማቸው በፊት ይታወቅ። ጥቅምት ላይ ቢነገር ለአሰልጣኙ ይበቃው ይሆናል። ለእናትየው ግን አይበቃትም፤ የልጅ ምዝገባ የሚያልቀው ነሐሴ ላይ ነው።