ካቢኔቱን የሚያቆመው ጀርባው ነው
የኪችን ካቢኔቱን በገዛ እጁ ሊሠራ የተነሣ ሁሉ፣ ገና ቺፑዱን ሳያስቆርጥ በወንዴና ሴቴ ማጋጠሚያ ሲጨነቅ አያለሁ። እሱ የጣውላ ወግ ነው፤ ለበሩ ክፈፍ ይሁን። ቺፑድ ግን በሙጫ የተጨመቀ ፍቅፋቂ ስለሆነ ምላስ ቢያወጡለት ይፈረፈራል። ለ18 ሚሊሜትር ቺፑድ የምመርጠው ጥርሱ ሰፋ ያለውን 7 በ50 ሚሊሜትር ብሎን ነው፤ ያውም አስቀድሞ በ5 ሚሊሜትር ፑንታ ተበስቶ። ሳይበሱ ከነዱት ጠርዙን ይሰነጥቃል። የእንጨት ካስማ በኮላ ያምራል፣ አልክድም፤ ግን ቀዳዳዎቹ ትንሽ ከተዛነፉ ሳጥኑ አይገጥምም። ደግሞስ ከምድጃው ጋር የተለጠፈውን ጎን ማን ያየዋል? ይልቅ ሳጥኑን ከመወላገድ የሚያድነው በማዕዘን ልክ የተመታው የጀርባ ኮምፔርሳቶ ነው፤ ብዙው ሰው ግን እሱን በሦስት ሚስማር አንጠልጥሎ ያልፋል።