ስለ ተልባ ጥቅምና አወሳሰድ

«ተልባ ቢንጫጫ ባንድ ሙቀጫ» የሚለው ተረት ስለ ሌላ ጉዳይ የተነገረ ቢሆንም ለጤናም የሚስማማ ሆኖ አግኝተነዋል። የተልባ ገለፈት ጠንካራ ስለ ሆነ ሳይወቀጥ የተዋጠው ፍሬ አብዛኛው እንደ ገባ ይወጣልና። ተወቅጦ የተጠጣ እንደ ሆነ ግን ኦሜጋ 3 የተባለውን ቅባት ይሰጣል፤ ይኸውም ሰውነት ራሱ ሊሠራው የማይችለው፥ ከተልባ ዘይት እኩሌታ ያህል የሚሆነው ነው። ስለዚህ በጾም ወራት ተልባን ማዘውተር መልካም ነው። ዳግመኛም ገለፈቱ ውሃ ሲያገኝ ስለሚዝለገለግ የሆድ ድርቀትን ያለዝባል።

ነገር ግን ይህ መዝለግለጉ ራሱ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። በጥቂት ውሃ የተወሰደ እንደ ሆነ አንጀትን ሊዘጋ ይችላል። በየቤታችን የምንጦራቸው አባቶችና እናቶችም የልብ ወይም የስኳር ኪኒናቸውን በተልባ ሲያወራርዱ እናያለን፤ ዝልግልጉ መድኃኒቱን ይዞ ወደ ደም እንዳይገባ ሊያዘገየው ይችላል። ስለዚህ መድኃኒቱ በንጹሕ ውሃ ይዋጥ፤ ተልባውም ከ2 ሰዓት በኋላ ይጠጣ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ለሽማግሌ ወላጅ ተልባ መበጥበጥ የፍቅር ሥራ ነው፤ ሰዓቱን መጠበቅም እንዲሁ።