ሥራን በዋጋ ስለ መሥራት

የራያ ቆላ በስተምዕራብ ከግዳንና ከላስታ ተራሮች፥ በስተምሥራቅ ከዞብል ተራራ መካከል የተዘረጋ ሜዳ ነው። አፈሩ ለም ነው፤ የሚያንሰው ዝናብ ነው። ስለዚህ የቆቦ ገበሬ ከአባቶቹ በወረሰው ጥበብ፥ በደጋው የዘነበው ዝናብ በሆርማትና በጎሊና ወንዝ ጎርፍ ሆኖ ሲወርድ፥ በድንጋይ፥ በእንጨትና በአሸዋ እየጠለፈ ወደ ማሽላው ያገባዋል። ጎርፍ መጣ በተባለ ጊዜ ቀን ነው ሌሊት ነው ሳይል ይወጣል፤ ጠለፋውን ጎርፉ ጠርጎት በሄደም ጊዜ እንደ ገና ይሠራዋል። ይህን ለብቻው የሚችል ሰው የለም።

ይህን የሚሰማ የከተማ ሰው የባላገሩ ሥራ ሁሉ በነፃ የሚደረግ መረዳዳት ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በወንፈል የሚሄድ ሰው ቀኑን ቈጥሮ ነው የሚሄደው፤ ዛሬ ለጎረቤቱ አንድ ቀን ያረመ እንደ ሆነ፥ ነገ ጎረቤቱ አንድ ቀን ያርምለታል። ደቦ የሚጠራም ሰው ምግቡንና መጠጡን ሳያሰናዳ አይጠራም፤ ደቦውን አስርቦ የሰደደ ሰው ስሙ እስከ መቼ እንደሚነሣ ባላገር ያውቀዋል። አንዳንድ በሬ ያላቸው ሁለት ሰዎች በመቀናጆ ሲያርሱ ቀኑ በተራ ነው፤ በሬ የሌለውም በብዙ ስፍራ የበሬውን ቀን በጉልበቱ ይከፍላል። ወደ ጠለፋው ያልወጣ ሰውም ውኃው ሲከፋፈል አፉን ሞልቶ አይጠይቅም። አባቶች ብር እንደ ልብ ስላልነበረ በብር አልከፈሉም እንጂ፥ ሥራን ዋጋ የሌለው ነገር አድርገው አላዩትም።

ያለ ዋጋ መሥራት በሀገራችን የሚታወቀው በሌላ ስም ነው። በብዙ የኢትዮጵያ ክፍል ጭሰኛው ከሚሰጠው እህል በላይ የባለርስቱን እርሻ ያርስ፥ አጥሩን ያጥር፥ እንጨቱን ይሸከም ነበር፤ ለዚህም ሁሉ የሚያገኘው ዋጋ ከመሬቱ አለመነቀሉ ብቻ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን በሻረ ጊዜ ገበሬው ደስ ያለው ሥራ ስለ ቀረለት አልነበረም፤ ገበሬ ሥራ አይፈራም። ደስ ያለው ድካሙ የራሱ ስለ ሆነለት ነው።

ያ ግዴታ ከቀረ በኋላ ግን በዝምድናና በይሉኝታ ተሸፍኖ የሚመለስ ሌላ ነፃ ሥራ አለ። ከ1990ዎቹ ዓመታት ጀምሮ በቆቦና በጊራና ሸለቆ ጥልቅ የውኃ ጉድጓዶች ተቆፍረው፥ በሞተር በሚሳብ ውኃ ሽንኩርትና ቲማቲም ይመረት ጀመር። ይህ ሥራ እንደ ቀድሞው ጠለፋ በጉልበት ብቻ አይያዝም። ሞተሩን የሚያውቅ፥ ቧንቧውን የሚጠግን፥ ሌሊት የሚጠብቅ፥ ሒሳቡን የሚጽፍ ሰው ይፈልጋል። እነዚህ ሰዎች የመንደሩ ልጆች ስለሚሆኑ፥ «ወንድማችን አይደለም ወይ?» ተብሎ ዋጋቸው የተረሳ እንደ ሆነ የሚከተለውን ማሰብ አያስቸግርም። በፊተኛው ዓመት በምስጋና ይሠራሉ፤ በሁለተኛው ዓመት የገዛ እርሻቸው ይጠራቸዋል፤ በሦስተኛው ዓመት ሽንኩርቱ ውኃ በሚጠማበት ሳምንት ሞተሩ ቆሞ ይገኛል።

ከዚህም የሚብሰው ጠያቂ መታጣቱ ነው። ደመወዝ የተቀበለ ሰው ሥራውን ቢበድል ይወቀሳል፥ ይተካል። በነፃ የሚሠራን ሰው ግን «ለምን ዘገየህ?» ማለት ነውር ነው፤ የተበደለው ዝም ይላል፥ በዳዩም እንደ ቸር ሰው ይመሰገናል። ስለ መስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት የወጣው አዋጅ ቁጥር 841/2006 አባሎች ለአገልግሎቱ እንዲከፍሉ ማድረጉ ይህን በማሰብ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። መዋጮው ለሞተሩ ማደሻ ሲሆን የሚያድሰውን ሰው መርሳት አይገባም።

የባለሙያውም ጥፋት አለ። አናጢውም፥ ሸማኔውም፥ ሞተር ጠጋኙም «ዋጋው ስንት ነው?» ሲባል ዐይኑን ወደ ምድር ጥሎ «ደስ ያለዎትን ይስጡኝ» ይላል። ይህን ትሕትና የሚመስለውን ቃል መርምሮ ማየት ይገባል። ሰጪው ደስ ያለው ትንሽ እንደ ሆነ ሠራተኛው ቅር ብሎት ይሄዳል፤ ምንም ካልሰጠም ውለታ ይሆናል። ውለታ ደግሞ መጠኑ ያልተጻፈ ዕዳ ነው፤ መቼ እንደሚጠየቅ፥ በስንት እንደሚያልቅ አይታወቅም፤ ለልጅ ሠርግ፥ ለፍርድ ቤት ምስክርነት፥ ለምርጫ ድምፅ ሊጠየቅ ይችላል። መቶ ብር ተብሎ መቶ ብር የተከፈለበት ሥራ ግን በዚያው ቀን ያልቃል፤ ሁለቱም በማግሥቱ በወዳጅነት ሰላም ይባባላሉ።

ከራያ ብዙ ወጣት በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻግሮ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ እንደሚሄድ የታወቀ ነው። በ2006 ዓ.ም. ከዚያ አገር የተባረሩት ኢትዮጵያውያን ከ160,000 በላይ ነበሩ፤ ከተመለሱትም ውስጥ እንደ ገና የሄዱ አሉ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የመሬት ጥበት አለ፥ ድርቅ አለ፥ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ቆቦ የደረሰባት ጦርነትም አለ። ነገር ግን አንዱ ምክንያት ይህ መሆኑን መሸሸግ አይገባም፤ በአባቱ አገር ሲሠራው «እግዜር ይስጥልኝ» ብቻ የሚያስገኝለት ሥራ በባዕድ አገር ገንዘብ ያስገኝለታል። ምርቃት የሚናቅ ነገር አይደለም፤ ሆኖም ልጅ የወለደ ሰው በምርቃት ብቻ ቤቱን ሊያቆም አይችልም።

ይህን ሁሉ ማለት ሰው ለሰው ቸርነት አያድርግ ማለት አይደለም። በ1977 ዓ.ም. በኮረም ሜዳ ለወደቀው ሕዝብ እህል የሰጠ ሰው ዋጋ ሊጠይቅ አይገባውም ነበር። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ሥርዓትም ለሚችለው የሥራ ዋጋ፥ ለማይችለው ሽማግሌና ሕመምተኛ ቀጥታ እርዳታ ብሎ መለየቱ ትክክል ነው። የቤተ ክህነት መምህር ያለ ክፍያ ያስተምር ነበር የሚልም ይኖራል፤ እውነት ነው፤ ነገር ግን መምህሩን መሬቱ፥ ተማሪውንም ባላገሩ ቍራሽ እየሰጠ ይመግበው ነበር። ከፋዩ ከመጋረጃው ጀርባ ነበረ እንጂ አልታጣም።

ስለዚህ የበጋው መስኖ ከመጀመሩ በፊት፥ የየጉድጓዱ ተጠቃሚዎች ተሰብስበው የዘበኛውንና የሞተር ጠባቂውን ደመወዝ በቃለ ጉባኤ ቢያሰፍሩት፥ በብር የማይችል ሰው ከሽንኩርቱ ወይም ከማሽላው ስንት እንደሚሰጥ በስሙ ፊት ቢጻፍበት መልካም ነው። ጠጋኙም መፍቻውን ከማንሣቱ አስቀድሞ፥ ባለቤቱ የገዛ አጎቱም ቢሆን፥ ዋጋውን በግልጥ ይናገር።