ሳይደርሱ ለቀሩ ልጆች

ከጅግጅጋ ለንግድ ወይም ለትምህርት ርቆ ሳለ እናቱ ወደ አኼራ የሄደችበትን ልጅ ከሐዘኑ ይበልጥ «ምነው በደረስኩ» የሚለው ጸጸት ያንገበግበዋል።

ሰዕድ ኢብኑ ዑባዳም (ረ.ዐ.) እናታቸው ሲሞቱ በቦታው አልነበሩም። ሶደቃ ብሰጥላቸው ይጠቅማቸዋልን ብለው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ጠየቁ፤ «አዎን» ሲባሉ የአትክልት ቦታቸውን ሰጡላቸው። ቡኻሪ ዘግበውታል። በሌላ ዘገባ በላጩ ሶደቃ ውሃ መሆኑ ተነግሯቸው ጉድጓድ አስቆፍረዋል።

በሐውድ ሜዳ በጋ ላይ ብርካ ሲደርቅ ላየ ሰው ይህ ማብራሪያ አያሻውም። አዲስ ማሠራት ባይቻል የተሰነጠቀውን ማስጠገን ይቻላል፤ መቃብር በሲሚንቶ ከማስጌጥ ይህ ይሻላል።

ደግሞም አክስት አሉ። ሶማሊኛ የእናትን እህት «ሀበርየር»፣ ትንሿ እናት፣ ይላቸዋል፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) በእናት ደረጃ አስቀምጠዋቸዋል። በሕይወት ካሉ፣ ዛሬ ከመግሪብ በኋላ ዘይሯቸው።