ማን እንደሆኑ ሳይናገሩ መጠየቅ

እ.ኤ.አ. በ2014 መጀመሪያ ላይ አንዲት ሥራ ፈላጊ ወጣት በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ በክሊቭላንድ ከተማ ለምትኖር አንዲት የኮሙኒኬሽን ባለሙያ የሥራ ሰዎች በሚተዋወቁበት በሊንክድኢን ድረ-ገጽ የትውውቅ ጥያቄ ላከች። ባለሙያዋ በከተማዋ የሚወጡ የሥራ ማስታወቂያዎችን እየሰበሰበች ለሺዎች በኢሜይል የምታደርስ፣ የሙያ ማኅበሯም የዓመቱ ምርጥ ኮሙኒኬተር ብሎ የሸለማት ሰው ነበረች። ለወጣቷ የደረሳት መልስ ግን ዘለፋ ሆነ። ጥያቄሽ የሚጠቅመው አንቺን ብቻ ነው፣ የደከምኩበትን የሰው ግንኙነት እንዲሁ ላስረክብሽ አልችልም የሚል መንፈስ ነበረው። ወጣቷ መልሱን ይፋ አደረገችው፤ በቀናት ውስጥም ከአገር አገር ተዛመተ። ባለሙያዋ ይቅርታ ጠየቀች፣ ሽልማቷንም መለሰች።

በዘለፋ የመለሰችው ባለሙያ ጥፋተኛ መሆኗ አያከራክርም። ይሁን እንጂ ታሪኩ ከአሥር ዓመት በኋላም መነሳት ያለበት ከእርሷ ጥፋት የሰፋ ነገር ስለሚያሳይ ነው። ጠያቂው ማን እንደሆነ ሳይናገር ቁልፍ ተጭኖ ያልፋል። ተጠያቂው ስማቸውን እንጂ ጉዳያቸውን የማያውቃቸው ሰዎች ጥያቄ ተከምሮ ይጠብቀዋል፣ ይሰለቻል፣ በመጨረሻም ሁሉንም በአንድ ዓይን ማየት ይጀምራል። ጉዳቱ የሚያርፈው ከልቡ ለመማርና ለመሥራት በሚጠይቀው ሰው ላይ ነው።

ሊንክድኢን ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2003 ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2016 በ26.2 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛው ተስማማ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ላይ ደግሞ የአባላቱ ቁጥር 1 ቢሊዮን መድረሱ ተነገረ። በአዲስ አበባም ዲግሪውን ይዞ የወጣ ወጣት በቴሌግራም የሥራ ማስታወቂያ ሲያሳድድ ውሎ ማታ ሊንክድኢን ላይ ፕሮፋይሉን ያስተካክላል። ቅጥር በትውውቅ ነው እየተባለ ላደገ ትውልድ፣ ዘመድ የሌለው ሰው ባለሙያ የሚያገኝበት መንገድ መከፈቱ ትልቅ ነገር ነው።

መንገዱ እንደሚያደርስም ጥናት ይመሰክራል። ማርክ ግራኖቬተር የተባለው አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጽሑፉ፣ በሰው በኩል ሥራ ያገኙ ሰዎችን የሥራውን ወሬ ያደረሰላችሁን ሰው በየስንት ጊዜው ታገኙት ነበር ብሎ ጠይቆ ነበር። አዘውትረው በሚያገኙት ሰው በኩል የተቀጠሩት 17 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። የቀሩት ሥራውን ያገኙት አልፎ አልፎ ወይም ከስንት አንዴ በሚያዩት ሰው አማካይነት ነው። የቅርብ ወዳጅ የሚሰማው ወሬ እኛም የሰማነው ነው፤ አዲሱን ወሬ የሚያመጣው ራቅ ያለው ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ከ20 ሚሊዮን በላይ የሊንክድኢን ተጠቃሚዎችን ለአምስት ዓመታት ተከታትሎ ተመሳሳይ ውጤት አገኘ። ሥራ በመቀየር ረገድ ከጠበቀው ትውውቅ ይልቅ ላላ ያለው የበለጠ ረድቷል። እጅግ የላላው ግን አይደለም፤ የበለጠ የጠቀመው መጠነኛ የጋራ ትውውቅ ያለበት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚያገናኝ ነገር መፈለግ ተገቢ ነው። አንድ ዩኒቨርሲቲ መማር፣ በአንድ ሥልጠና መገኘት፣ የሰውየውን ጽሑፍ ማንበብ፣ ሁለታችሁንም የሚያውቅ ሰው መኖሩ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ይጻፍ። ከጥያቄው ጋር አብሮ የሚላከው ማስታወሻ ከ300 ፊደላት አይበልጥም፤ ያለ ክፍያ ለሚጠቀም ደግሞ ከዚያም ያንሳል። «ጤና ይስጥልኝ ኢንጂነር። በአዳማ የሲቪል ምህንድስና ምሩቅ ነኝ። ስለ ኮንክሪት ጥራት የጻፉትን አንብቤ ብዙ ተምሬበታለሁ። ሥራዎን ለመከታተል ብንተዋወቅ ደስ ይለኛል።» ይህ በቂ ነው። ማን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደሚፈልግ ታውቋል። በአንጻሩ «ሰላም» ብሎ ልኮ መልስ መጠበቅ፣ በማግስቱ «ሰላም ነው?» ማለት፣ በሦስተኛው ቀን የጥያቄ ምልክት ብቻ መላክ ሰውን ያስጨንቃል እንጂ አያቀርብም።

አጠራሩም ይታሰብበት። የማያውቁትን ሰው በአማርኛ ሲጽፉለት «እርስዎ» ማለት ግድ ነው፤ «አንተ» እና «አንቺ» ሰውየው ራሱ ሲፈቅድ ይመጣሉ። በእንግሊዝኛ የሚጽፉ ደግሞ የፈረንጁን ልማድ ይዘው ኢትዮጵያዊውን በአባቱ ስም ይጠሩታል። አቶም ሆነ ዶክተር የሚቀጠለው በራስ ስም ላይ ነው። በውጭ አገር ላለ ወገን ሲጻፍም የአገር ልጅነት መግቢያ ይሆናል እንጂ ጉዳይ አይሆንም፤ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያለው ሰው ከእኔ ምን ተፈለገ የሚለውን በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ማግኘት አለበት።

ጥያቄው ተቀባይነት ባገኘ በደቂቃው ውስጥ ሲቪ አያይዞ «ሥራ ካለ አደራ» ማለት በብዙዎች ዘንድ የተለመደ ነው። የሥራ ማጣት ችግር ከባድ መሆኑ ይታወቃል፤ በልመናው የሚያፍር አይኑር። ግን እዚህ አገር ገንዘብ በሚነካ ሥራ ላይ የሚቀጠር ሰው ዋስ አምጣ እንደሚባለው ሁሉ፣ አንድን ሰው ለአለቃው የሚጠቁምም ስሙን ያስይዛል። ለማያውቁት ዋስ የሚሆን የለም። ይልቅ አንድ ግልጽ ጥያቄ መጠየቅ ይሻላል። በእርስዎ መሥሪያ ቤት ጀማሪ ኦዲተር ሲቀጠር የሚፈለገው የትኛው ሶፍትዌር ነው ብሎ ለጠየቀ ሰው መልስ መስጠት ቀላል ነው፤ መልስ የሰጠም ጠያቂውን ያስታውሰዋል።

ለሁሉም አንድ ዓይነት መልእክት መበተንም ከስሕተት ይቆጠራል። ሊንክድኢን ራሱ ከአባላቱ የኢሜይል አድራሻ ዝርዝር ላይ እየወሰደ በስማቸው የግብዣ ማስታወሻዎችን ደጋግሞ ልኳል ተብሎ ተከሶ እ.ኤ.አ. በ2015 ጥፋቱን ሳያምን 13 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ከሳሾቹ ያዘኑት በስማቸው ሌላው መነዝነዙ ነበር።

ከሁሉም የሚያሳዝነው በሴቶች ላይ የሚደርሰው ነው። በዚያው ዓመት በእንግሊዝ አንድ አንጋፋ የሕግ ባለሙያ ለአንዲት ወጣት ጠበቃ በሊንክድኢን የጻፈላት ስለ ፎቶዋ ማማር ነበር። እርሷም ለሥራ እንጂ መልኬን ላስገምት አልመጣሁም ብላ መልእክቱን ለሕዝብ አሳየች፤ ጉዳዩም የአገር መነጋገሪያ ሆነ። በእኛም ዘንድ ስለ ሙያዋ ጠይቃ «ባለትዳር ነሽ?» የሚል መልስ የሚደርሳት እህት አለች። ሥራ በሚፈለግበት ቦታ እንዲህ ያለ ጥያቄ ነውር ነው፤ ነውር መሆኑም በግልጽ ሊነገር ይገባል።

የተጠየቀው ሰው ሁሉንም የመቀበል ግዴታ የለበትም። የማያውቁትን አለመቀበል መብት ነው፤ ዝም ማለትም ስድብ አይደለም። ግን ስሙንና ጉዳዩን በአክብሮት ለጻፈ ወጣት «አሁን ክፍት ቦታ የለንም፤ በርታ» የሚለውን መልስ መጻፍ ከግማሽ ደቂቃ በላይ አይወስድም። ኃላፊዎች ሆይ፣ ሳይመለሱ ከቆዩት ጥያቄዎች መካከል ራሱን በሥርዓት ያስተዋወቀውን ፈልጉና መልሱለት። ተመራቂዎችም የዛሬውን ጥያቄ ከመላካችሁ በፊት ማን እንደሆናችሁና ለምን እንደፈለጋችሁት በሁለት መስመር ጻፉ።