ጉሮሮ ብቻውን አይዘፍንም

ጥሬ እንቁላል ድምፅ ይከፍታል ይባላል። ሰርግ ያለበት ድምጻዊ ማለዳ ተነሥቶ እንቁላል ሰብሮ ይውጣል፣ ማርና ዝንጅብል ያስከትላል፤ አረቄ የሚጨምርበትም አለ። የተዋጠ ነገር ሁሉ የሚወርደው ግን በምግብ ቧንቧ ነው። ድምፅ የሚፈጠረው በአየር ቧንቧ አፍ ላይ ባለው ማንቁርት ሲሆን፣ ስንውጥ ማንቁርት ይዘጋል። እንቁላሉ የድምፅ አውታሮቹ ላይ ቢደርስማ ሰውየው ትን ብሎት ይንፈራፈር ነበር እንጂ አይዘፍንም። ማርና ዝንጅብል ጉሮሮ ያለሰልሳሉ፣ በእነሱ ጠብ የለኝም። ጠቤ እነሱን ታቅፈን የዘፋኙን ቀሪ ሰውነት ከመርሳታችን ጋር ነው።

ማንቁርት አንገት ውስጥ ተንጠልጥሎ የሚኖር አካል ነው። ከላይ፣ ከየትኛውም አጥንት ጋር በማትገጥም አንዲት ትንሽ አጥንት በኩል ከምላስና ከመንጋጋ ጋር፣ ከታች ደግሞ ከደረት አጥንት ጋር በጡንቻ ተያይዟል። ስለዚህ ትከሻው የደነደነ፣ መንጋጋውን የነከሰ፣ አገጩን ወደ ሰማይ የሰቀለ ዘፋኝ ሳያውቀው ማንቁርቱንም አብሮ ይጎትታል። የሴት ድምፅ አውታሮች በተራ ንግግር እንኳ በሰከንድ 200 ጊዜ ያህል ይርገበገባሉ፤ በዘፈን ደግሞ ከዚያ በላይ። እንዲህ ያለ ሥራ በተወጠረ አንገት ሲሠራ ድምፅ ይሻክራል፣ ከፍ ያለው ዜማ እምቢ ይላል። ዘፋኙም መፍትሔ የሚመስለውን ያደርጋል፦ የበለጠ ይገፋል።

ይህን ለማየት ጥር ላይ መቐለ አንድ ሰርግ መሄድ ይበቃል። ስፒከሮቹ የሚዞሩት ወደ እንግዳው ነው። ዘፋኙ የራሱን ድምፅ የሚሰማበት ሞኒተር ከእግሩ ፊት የለም፤ ከጎኑ ኪቦርዱ ይጮኻል። አንድ ጆሮውን በጣቱ ደፍኖ፣ አንገቱን አስግጎ፣ የግንባሩ ሥር ተገትሮ ይዘፍናል። ጓይላው (የክብ ጭፈራው) ከተነሣ ደግሞ አይቆምም፤ አንዱ ዘፈን ሳያልቅ ሌላው ይቀጠላል። ከበሮ መቺውን ልብ ብላችሁ እዩት። ጠፍሩ ትከሻው ላይ ስለሚቆርጠው ነጠላ አጥፎ ከሥሩ ጎስጉሷል፤ ክብደቱን ለመሸከም ወገቡን ወደ አንድ ወገን ሰብሯል፤ በዚያው ላይ እየጨፈረ ነው። ሲመሽ ከበሮውን ቢያወርድም ትከሻው ከጆሮው ሥር አይወርድም። እኛ ምን እንላለን? «አይደክመውም እኮ!» ሽልማቱም ግንባር ላይ የሚለጠፈው ላላቆመው ነው።

በአሸንዳ በዓልም ያው ነው። ከነሐሴ 16 ጀምሮ ልጃገረዶች ከበሮ አንግተው ለቀናት ከጎዳና ጎዳና፣ ከደጅ ደጅ ይዘፍናሉ፤ ድምፃቸው ሻክሮ ቤት ሲገቡ ይሳቅባቸዋል። ለልጃገረዶቹ የበዓል ድካም ነው፣ ያልፋል። ዘፈን እንጀራው ለሆነ ሰው ግን አያልፍም። የተዋናዩ ደግሞ ይብሳል፦ በልምምድ ላይ ሲሚንቶ ወለል ላይ ደጋግሞ ይወድቃል፣ የልቅሶ ትዕይንት ሲሆን ደረቱን እየመታ ይጮኻል፣ ከዚያ ወገቡን ይዞ «ብርድ ነው» እየተባለ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ከዚህ ሁሉ ጀርባ ያለው እምነት ጥበብ ሕመም አታውቅም የሚል ነው። ትግራይ የቅዱስ ያሬድ አገር ናትና ምስክር አይጠፋም፦ በአፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም የንጉሡ ጦር እግሩ ላይ ተተክሎ፣ ደሙ እየፈሰሰ፣ ዜማው እስኪያልቅ ሁለቱም አላወቁም። ይህችን እናወራለን። ቀጥላ ያለችውን ግን እንዘላለን። ንጉሡ ደንግጦ ጦሩን ነቀለ፤ ለፈሰሰው ደም ዋጋ የምትሻውን ጠይቀኝ አለው፤ ያሬድም ወደ ገዳም እንዲሰናበት ጠየቀ፣ ተፈቀደለት። በትውፊቱ መሠረት ጦር የያዘው ሰው ዕዳ አለበት። በዛሬው ሰርግና ኮንሰርት ጦር የያዘው ያጨበጭባል። ቤተ ክርስቲያኒቱም ብትሆን ሌሊቱን ሙሉ ማኅሌት የሚቆመውን ደብተራ ባዶ እጁን አላቆመችውም፤ የሚደገፍበት መቋሚያ ሰጥታዋለች።

ለዘፋኝና ለተዋናይም ፊዚዮቴራፒ ያስፈልጋል ስል አሁን ከባዱ ተቃውሞ ይመጣል፤ መቐለ ላይ ሲነሣ ደግሞ ፊት ለፊት ሊመለስ ይገባዋል። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 በቆየው የትግራይ ጦርነት እግሩን ያጣ ወጣት የሕክምና ተራ እየጠበቀ ስለ ዘፋኝ ትከሻ ማውራት ነውር አይደለም ወይ? የዓይደር ሆስፒታልም ሆነ የትግራይ አካል ጉዳተኛ ታጋዮች ማኅበር የሚያስተዳድረው የኦርቶ-ፊዚዮቴራፒ ማዕከል ከዘፋኝ የሚቀድም በሽተኛ አላቸው። እውነት ነው፤ የማንንም ወረፋ መቀማት አያስፈልግም። እኔ የምለው አልጋም ማሽንም አይሻም። አንድ ባለሙያ ለአንድ ከሰዓት ወደ ልምምድ ቦታ ሄዶ ሠላሳ ሰው ማስተማር ይችላል። ለድምፅ ማሟሟቂያ በዓለም ዙሪያ ከሚሠራባቸው ልምምዶች አንዱ ከጁስ ቤት በሚገኝ ስትሮ ውኃ ውስጥ እያዜሙ መንፋት ነው። ተቃውሞው ልክ የሚሆነው ፊዚዮቴራፒ ማለት ለተሰበረና ስትሮክ ለመታው ብቻ ነው ብለን ካመንን ነው፤ የተሳሳተው ይህ እምነት ነው።

ኤፍ ኤም አሌክሳንደር የሚባል አውስትራሊያዊ ተዋናይ ነበር፣ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ። መድረክ ላይ ድምፁ ይጠፋበታል፤ ሐኪም ዕረፍት ያዝለታል፤ ሲያርፍ ይመለሳል፣ ሲተውን እንደገና ይጠፋል። በመጨረሻ ራሱን በመስታወት እያየ መነባንቡን ቢያሰማ ጥፋቱን አገኘው፦ አፉን በከፈተ ቁጥር ራሱን ወደ ኋላ ይጥላል፣ ማንቁርቱን ይጫናል፣ ትንፋሹን በጩኸት ይስባል። ያ ሰው ሐኪም አልነበረም፤ በዕረፍትና በሽሮፕ ፋንታ አንገቱን መመርመሩ ግን ሙያውን አተረፈለት። ዛሬ የሠለጠኑ የፊዚዮቴራፒና የድምፅ ሕክምና ባለሙያዎች የማንቁርትን ዙሪያ ጡንቻ በእጅ ያላላሉ፣ የአተነፋፈስና የአቋቋም ልምምድ ይሰጣሉ። ለሁሉም ይፈይዳል አልልም። አውታሩ ላይ እባጭ ካለ ወይም ደም ከፈሰሰ ማሸት አያድነውም፤ ከሦስት ሳምንት ያለፈ የድምፅ መሻከር በጉሮሮ ሐኪም መታየት አለበት። ወጌሻ ዘንድ ሄዶ አንገት ማስጠምዘዝማ ጨርሶ አይሞከርም።

ዋናው ሥራ ግን ከሕክምና በፊት ነው፣ ባለዕዳውም ቀጣሪው ነው። የሰርግ ውል ላይ የቪዲዮው ሰዓት፣ የድንኳኑ ስፋት፣ የወንበሩ ብዛት ይጻፋል። እዚያው ላይ ሦስት መስመር ይጨመር፦ ለዘፋኙ ሞኒተር፣ ለከበሮው ተቀያሪ መቺ፣ በየሰዓቱ ሃያ ደቂቃ ዕረፍት። የሙሽራው አባት «ከፍዬ ዝምታ ልሰማ ነው እንዴ?» ማለታቸው አይቀርም። በዚያች ሃያ ደቂቃ ምግብ ይቅረብ።